ናታን የሌለበት ፊልም

የንባብ ክፍል፦ 2ኛ ሳሙኤል 12፥1-13

«ክርስቲያን ፊልም ማየት ይችላል ወይ?» የሚል ጥያቄ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ወደ መድረክ ያልተላከበት የወጣቶች ፕሮግራም ያለ አይመስለኝም። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ አገልጋይ ዓለምን ስላለመውደድ የተጻፈውን አንብቦ «አይችልም» ይላል። ሌላው ስለ ክርስቲያን ነጻነት ተናግሮ «እንደ ፊልሙ ነው፤ ጥሩም አለ፣ መጥፎም አለ» ይላል። ጠያቂው ወንድማችን ሁለቱንም ሰምቶ፣ አሜን ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ማታ የቤቱ ሰው ሁሉ ሲተኛ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ስልኩን ይከፍታል።

ሁለቱም አገልጋዮች የመለሱት ስለ ድሮው ፊልም ነው። ሰው ልብሱን ቀይሮ፣ ታክሲ ይዞ፣ ትኬት ቆርጦ፣ በር አልፎ ገብቶ ስለሚያየው ፊልም። የዛሬው ፊልም የሚገባበት በር የለውም። እኛ ወደ እርሱ አንሄድም፤ እርሱ ኪሳችን ውስጥ ሆኖ ይጠብቀናል። ስለዚህ «ልሂድ ወይስ አልሂድ?» የሚለው ጥያቄ ለብዙዎቻችን አልቆለታል።

እኔ የፊልም ባለሙያ አይደለሁም። እንደ ብዙ ሰው ጊዜ ሲኖረኝ የማይ ተራ ተመልካች ነኝ። ነገር ግን ፊልም በእኛ አገር እንዴት እንደ ተለወጠ ባሰብኩ ቁጥር ወደ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ እመለሳለሁ፤ ነቢዩ ናታን ለንጉሥ ዳዊት ስለ ነገረው ታሪክ።

ዳዊት ጥሩ ተመልካች ነበር

ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዷል፣ ኦርዮንንም በሰይፍ አስገድሏል። ወራት አልፈዋል፤ ልጅም ተወልዷል። እግዚአብሔር ናታንን ሲልከው፣ ነቢዩ ክስ ይዞ ሳይሆን ታሪክ ይዞ ገባ። በአንድ ከተማ ብዙ በግና ላም ያለው ባለጠጋ ነበረ። በዚያው ከተማ ደግሞ ከአንዲት ታናሽ በግ በቀር ምንም የሌለው ድሃ ነበረ። ድሃው በጓን ከልጆቹ ጋር አሳድጓታል፤ እንደ ልጁ ነበረች። ለባለጠጋው እንግዳ መጣበት፤ ከራሱ መንጋ መውሰድ ሳስቶ የድሃውን በግ ወስዶ አረደ።

ዳዊት ይህን ሲሰማ ቁጣው ነደደ። ሰውዬው ሞት ይገባዋል አለ፤ ለበጊቱም አራት እጥፍ ይክፈል ብሎ ፈረደ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እስከዚህ ድረስ ዳዊት በጣም ጥሩ ተመልካች ነው። ታሪኩ ገብቶታል። ለተበደለው አዝኗል፤ በዳዩን ጠልቷል። ዛሬ ቢሆን «ፊልሙ በጣም ነካኝ» ይል ነበር። ነገር ግን በሕይወቱ የተለወጠ አንድም ነገር የለም። ቤርሳቤህ ያው በቤቱ ናት፤ ኦርዮንም ያው በመቃብር ነው። ናታን ታሪኩን ጨርሶ፣ እጅ ነስቶ ቢወጣ ኖሮ ዳዊት በዚያች ሌሊት ደህና እንቅልፍ ይተኛ ነበር። እንዲያውም በግፍ ላይ ስለ ተቆጣ ብቻ ራሱን ጻድቅ ንጉሥ አድርጎ ሊቆጥር ይችል ነበር።

ናታን ግን አልወጣም። ቀጥሎ ያ ሰው አንተ ነህ አለው። ንስሐ የመጣው ከታሪኩ በኋላ በተናገረው በዚህች አጭር ቃል ነው።

የምለው ይህን ነው፦ በእኛ ዘመን ፊልም ይዘቱ ተለውጧል፣ ብዛቱም ተለውጧል፤ ከሁሉ የከፋው ለውጥ ግን ታሪኩ ሲያልቅ አጠገባችን ቆሞ «አንተስ?» የሚለን ሰው መጥፋቱ ነው። ታሪኩ አለ፤ ናታን የለም።

ከሰይጣን ቤት እስከ ጎረቤት ሳሎን

ፊልም ወደ አዲስ አበባ የመጣው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በኋላ በቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ፊልም ይታይበት የነበረውን ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ጥላ ሲራመድ ያየ ሰው ምን ይበል? ዛሬ በአባቶቻችን እንስቃለን። ነገር ግን አንድ ነገር ገብቷቸው ነበር፦ በጨለማ ውስጥ የሚታይ ታሪክ ኃይል አለው፤ ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ስሙን ቢስቱትም ኃይሉን አልሳቱትም።

በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት ጀመረ። በዚያው ዓመት አካባቢ የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም በጥቁርና ነጭ ተሠራ፤ «ሂሩት አባቷ ማነው?» ይባላል። ርዕሱ ራሱ ተመልካቹን የሚጠይቅ ጥያቄ መሆኑን ልብ በሉ።

ቴሌቪዥን በየቤቱ ስላልነበረ ማየት የጋራ ነገር ነበር። ያለው ቤት በሩን ይከፍታል፤ የሰፈሩ ልጅ እግሩን ታጥቦ ወለሉ ላይ ይደረደራል። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ለአርባ ዓመት ያህል ለልጆች ተረት ሲያወሩ፣ ተረቱን ጨርሰው ዝም አይሉም ነበር፤ ትምህርቱን ያስጨብጡና ልጆቹን መክረው ይሰናበታሉ። ልጁ ወደ ቤቱ ሲመለስ ደግሞ ተረቱን ለእናቱ ይደግመዋል። እናቲቱም በበኩሏ «ታዲያ አንተ ትናንት ለእህትህ ያደረግኸው ምንድነው?» ትለዋለች። ናታን በየቤቱ ነበረ፤ አንዳንዱም ነጠላ የለበሰ ነበር።

የኛ ወገን፣ ጴንጤ የተባለው ሕዝብ፣ በዚያ ዘመን ከሲኒማ ርቆ ነበር የኖረው። በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤቱ ተዘግቶበት በየጓዳው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይዘምር የነበረ ትውልድ ለመዝናኛ ጊዜም ልብም አልነበረውም። እነዚያን አባቶችና እናቶች ስለ ጥብቅነታቸው አልነቅፍም። ዋጋ ከፍለው ያቆዩልንን ነው ዛሬ የምንበላው።

ያም ሆኖ ያው ሕዝብ አንድን ፊልም አቅፎ ተቀብሏል። እ.ኤ.አ. በ1979 የተሠራው፣ የሉቃስ ወንጌልን ተከትሎ የሚሄደው «ኢየሱስ» የተባለው ፊልም ነው። ይህ ፊልም ዛሬ ከ2000 በሚበልጡ የዓለም ቋንቋዎች ተተርጉሟል፤ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎችም ይገኛል። ወንጌላውያን ጄኔሬተርና ፕሮጀክተር ይዘው፣ ነጭ ጨርቅ ወጥረው በየገጠሩ አሳይተውታል። ስለ ፊልሙ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። በእነዚያ ምሽቶች ፊልሙ ብቻውን አይታይም ነበር። ሲያልቅ አንድ ሰው ይነሳል፤ «ያያችሁት ይህ ኢየሱስ ስለ እናንተ ነው የሞተው፤ ምን ትመልሱለታላችሁ?» ይላል። ከዚያ በኋላ ሰው እያለቀሰ ይመጣል፤ ከመጣው ጋር የሚጸልይ ሰው አለ፤ በማግስቱ ቤቱ ሄዶ የሚጠይቀው አለ። ፊልሙ መንገድ ጠረገ፤ ናታኖቹ ሥራውን ሠሩ።

የሚጠይቁ ፊልሞች

ይህ የመንፈሳዊ ፊልም ዕድል ብቻ አይደለም። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉ የአገራችን የፊልም ሰዎችም አንዳንድ ጊዜ የናታንን ሥራ ሠርተዋል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ኤች አይ ቪ በየሰፈሩ ድንኳን ባስተከለበት ጊዜ፣ የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ያንን በሹክሹክታ ይወራ የነበረ ነገር ወደ አደባባይ አወጣው። ያኔ በሲኒማ ቤቶች በር ላይ የነበረውን ሰልፍ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት ሲያገኝ ዓለም ስለ ጥበቡ አወራ። ለእኛ ግን አገሬን አድናለሁ ብሎ ተነስቶ እርስ በርሱ ስለ ተላለቀ ትውልድ የሚያወራ ነው፤ «እናንተስ ወንድማችሁን ምን አደረጋችሁት?» የሚል ጥያቄ አለበት። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ደግሞ እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅ የሚወዳትን በጉን ከቢላ ለማዳን ሲጣጣር ያሳያል። ናታን ስለ ድሃውና ስለ በጊቱ የተናገረውን ላነበበ ክርስቲያን ይህ እንግዳ ታሪክ አይሆንበትም።

በ2006 ዓ.ም. የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» መጣ። በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ፣ ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች፤ የሴቶች የሕግ ባለሙያዎችም ቆሙላት። በፊልሙ ውስጥ የልጅቷ ስም ሂሩት ነው። በ1957ቱ ፊልምና በዚህኛው መካከል ሃምሳ ዓመት ያህል አለ፤ ሁለቱም ሂሩት በምትባል ሴት በኩል ይጠይቁናል። «ድፍረት»ን ያየ አባት ወደ ቤቱ ሲመለስ ሴት ልጁን በሌላ ዓይን ካላየ፣ ጠለፋን «ባህል ነው» ብሎ ያለፈ ሽማግሌም ልቡ ካልተወጋ፣ ፊልሙን አላየውም ማለት ነው።

እነዚህን ፊልሞች የጠቀስኩት ሁሉም ነገራቸው ለክርስቲያን ይስማማል ለማለት አይደለም። ጳውሎስም በአቴና ሲዘዋወር ያያቸው መሠዊያዎች የተቀደሱ አልነበሩም። ነገር ግን አስተውሎ አያቸው፤ ባየው ነገርም ለሰዎቹ ስለ እውነተኛው አምላክ መናገሪያ በር አገኘ (ሐዋ 17)። አስተውሎ ማየት የሚባል ነገር አለ፤ እርሱን ነው የረሳነው።

ባቡሩና ቃና

እኔ ወደምኖርበት ወደ አያት በ2008 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች መጡ። አንደኛው ቀላል ባቡሩ ነው፤ ከአያት ተነስቶ በመገናኛና በስታዲየም አልፎ ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ሁለተኛው ቃና ቴሌቪዥን ነው። ባቡሩ ሰውን ከቤት አወጣ፤ ቃና ደግሞ በጊዜ ወደ ቤት መለሰው።

በአማርኛ የተተረጎሙት የቱርክና የሌሎች አገሮች ተከታታይ ድራማዎች ምን ያህል ሰው እንደ ያዙ ለማንም መንገር አያስፈልግም። የአገራችን የጥበብ ሰዎች ስለ ሥራቸውና ስለ ባህል ሰግተው ቅሬታቸውን አሰምተው ነበር። እኛ አማኞች ግን ሌላ ነገር ታዘብን። የቤት ለቤት ህብረት ሰዓት ከድራማው ሰዓት ጋር መጋጨት ጀመረ። «ዛሬ እንግዳ መጥቶብኝ ነው» የሚል መልእክት በዛ። በአንዳንድ ቤት የማታ የቤተሰብ ጸሎት ወደ ማስታወቂያ ሰዓት ተዛወረ፤ ከዚያም ቀረ።

ከሰዓቱ በላይ የሚያሳስበኝ የታሪኩ ቅርጽ ነው። ድሮ ያየነው ፊልም ያልቃል። ክፉው ይያዛል፣ ወይም ይሞታል፣ ወይም ይጸጸታል፤ መብራት ይበራል። ተከታታዩ ድራማ ግን እንዳያልቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው። እንዳያልቅ ደግሞ በቀሉ መቀጠል አለበት። አንዱ ይበድላል፣ ሌላው ይበቀላል፣ የተበቀለው እንደገና ይበደላል። በመካከሉ አንድ ሰው ከልቡ ይቅር ቢል ድራማው በዚያው ምሽት ያበቃል። ስለዚህ ይቅርታ የድራማው ጠላት ነው። ይህንን በየማታው ለወራት የሚያይ ልብ ባሏ ሲያስቀይማት፣ ወንድሙ በውርስ ሲከራከረው፣ ወዴት ያዘነብላል? በቀል የእግዚአብሔር መሆኑን በእሑድ አንድ ጊዜ እንሰማለን፤ በቀል የእኛ መሆኑን ግን በሳምንት አምስት ማታ እንለማመዳለን።

አራተኛ ፎቅ ያሉት እናት

ወገኖቼ፣ ይህን የምለው ለመክሰስ አይደለም። ለመክሰስ የሚቸኩል ሰው አያት ኮንዶሚኒየም መጥቶ አንድ ቀን ይዋል።

ብዙዎቹ ሕንፃዎች ሊፍት የላቸውም። አራተኛ ፎቅ ላይ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት አሉ። ድሮ መሃል ከተማ በግቢ ኑሮ ጎረቤት በነበረበት፣ ቡና በሚጣራበት ሰፈር ኖረዋል። አሁን ልጆቻቸው ማልደው ወደ ሥራ ይወጣሉ፤ ማታ ይመለሳሉ። እርሳቸው ደረጃውን ወርደው መውጣት ስለማይችሉ እሑድ እንኳ ቸርች መሄድ ይከብዳቸዋል። ቀኑን ሙሉ በቤቱ ውስጥ የሚናገር ቢኖር ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው። የድራማውን ሰዎች በስም ያውቋቸዋል፤ ይመክሯቸዋል፤ ሲታመሙ ይጨነቁላቸዋል። አጠገባቸው የቤት ሥራ የምታግዝ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣች ልጅ ተቀምጣለች። የከተማ ፍቅርና ኑሮ ምን እንደሚመስል የምትማረው ከዚያው ነው።

እኚህን እናት «ድራማ አይዩ» ማለት ቀላል ነው። ከዚያ በፊት ግን «ለመጨረሻ ጊዜ ማን ጠየቃቸው?» ብለን እንመልስ። ድራማው የያዘው እኛ ባዶ የተውነውን ወንበር ነው። ከቤት ህብረታችን ሁለት ሰው በሳምንት አንድ ቀን ደረጃውን ቢወጣ፣ አብሯቸው ቡና ቢጠጣ፣ ያዩትን ቢያስወራቸው፣ ከዚያም ቃሉን ከፍቶ ቢያነብላቸው፣ ያ ወንበር ሰው ያገኛል። ለዚያች ልጅም እንዲሁ። የእርሷን ነፍስ እግዚአብሔር ከቤቱ ባለቤት የሚጠይቅ አይመስላችሁም?

አምስት ሰከንድ

አሁን ደግሞ ወደ ስልኩ እንምጣ። ዛሬ ብዙ ወጣት ፊልሙን ራሱን አያየውም። አንድ ተራኪ ሁለት ሰዓት የሚፈጀውን ፊልም በአማርኛ በ15 ደቂቃ ይነግረዋል። ማን ማንን እንደ ገደለ፣ ማን ማንን እንደ ከዳ፣ መጨረሻው ምን እንደ ሆነ፣ ሁሉንም ያውቃል። የሌሊት ፓኬጅ ገዝቶ በአንድ ሌሊት አሥር ታሪክ ይጨርሳል። ነገር ግን ከአንዱም ሰው ጋር አልተቀመጠም፤ ለአንዱም አላዘነም። ግድያው ቁጥር ሆነበት።

እኔን የሚያስፈራኝ ታሪኩ ሲያልቅ የሚሆነው ነገር ነው። ስልኩ አምስት ሰከንድ ይቆጥርና የሚቀጥለውን ራሱ ይጀምራል። ድሮ በሲኒማ ቤት ፊልሙ ሲያልቅ መብራት ይበራ ነበር። ሰው ዓይኑን እያሻሸ ይወጣል፤ እስከ ታክሲ ድረስ ከጓደኛው ጋር ይከራከራል፤ «እኔ ብሆን ኖሮ እኮ...» ይላል። በቤትም ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ዝምታ ይመጣ ነበር። ያ ዝምታ የናታን ቦታ ነበር። በታሪኩ መጨረሻና «ያ ሰው አንተ ነህ» በሚለው ቃል መካከል ያለች ትንሽ ፋታ ናት። መንፈስ ቅዱስም ብዙ ጊዜ የሚናገረን በእንዲህ ያለች ፋታ ነው። ዛሬ ያቺ ፋታ አምስት ሰከንድ ሆናለች፤ እርሷም በማስታወቂያ ተይዛለች።

ወደ ኤማሁስ ይሄዱ የነበሩትን ሁለት ደቀ መዛሙርት አስቡ (ሉቃ 24)። በኢየሩሳሌም ያዩት ነገር ትልቅ ነበር፤ ግን አልገባቸውም ነበር። የገባቸው በመንገድ ላይ እየተነጋገሩ ሳሉ ነው። ጌታ ራሱ ቀርቦ ስለ ምን እንደሚነጋገሩ ጠየቃቸው፤ ከዚያም መጻሕፍትን ተረጎመላቸው። ጌታ ወደ ጨዋታቸው ገባ። ጨዋታ በሌለበት፣ ሁሉም በየጆሮው ማዳመጫ ሰክቶ በየጥጉ በተቀመጠበት ቤት፣ የትኛው ጨዋታ ውስጥ ይገባል?

ብቻን በማየት የሚመጣ ሌላም ነገር አለ፤ በግልጽ ልናገረው። ሌሊት፣ ብቻውን፣ ማንም ሳያይ የሚያይ ሰው መጀመሪያ ላይ ያላሰበው ቦታ ይደርሳል። ኢዮብ ከዓይኑ ጋር ቃል ኪዳን የገባው (ኢዮ 31) ስልክ ሳይኖር ነው። በዚህ የተያዙ ወንድሞችና እህቶች በመካከላችን አሉ፤ በመድረክ የሚያገለግሉም አሉ። የሚጎዳቸው ነገሩ ብቻ አይደለም፤ ለማንም ያልነገሩት መሆኑ ነው። ዳዊትም እኮ ናታን እስኪመጣ ድረስ ዝም ብሎ ነበር። ዝም ባለበት ጊዜ አጥንቱ እንዳረጀ መዝሙር 32 ይነግረናል።

«ድሮ ጥሩ ነበር» አልልም

አንባቢ «ያንተ ነገር የናፍቆት ነው፤ ድሮም ክፉ ፊልም ነበር» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው። በየሰፈሩ የነበሩት ቪዲዮ ቤቶች የካራቴና የህንድ ፊልም ብቻ አልነበረም የሚያሳዩት። ጭስና ጫት ነበረባቸው፤ ከትምህርት ቤት የሚቀሩ ልጆች መደበቂያም ነበሩ። በጋራ ማየት በራሱ አያጸድቅም፤ ሕዝብ ተሰብስቦም ክፉን ያጨበጭባል። ዛሬም ያገኘነው በረከት አለ። ወላጅ ለልጁ የሚያሳየውን መምረጥ ይችላል፤ የጌታን ሕይወት የሚያሳየውን «ዘ ቾዝን»ን የመሰለ ሥራ በስልክ በነጻ ማየት ይቻላል።

ሌላው ደግሞ «እኔ የማየው መንፈሳዊ ፊልም ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይህ እኔን አይመለከትም» ይል ይሆናል። እዚህ ላይ ነው የዳዊትን ታሪክ በጥንቃቄ ማንበብ ያለብን። ናታን የነገረው ታሪክ ንጹሕ ነበር፤ ከእግዚአብሔር የተላከ ነበር። ዳዊት ግን በንጹሑ ታሪክም ተሸሽጎ ነበር። ስለ ኢየሱስ ስቅለት የሚያሳይ ፊልም አይቶ አልቅሶ፣ በማግስቱ የሠራተኛውን ደመወዝ የሚያዘገይ ሰው ሊኖር ይችላል። እንባ ንስሐ አይደለም። መንፈሳዊ ፊልምም ናታን ያስፈልገዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ትልቅ ነገር አላመጣሁም። በቤታችን ሊሆኑ የሚችሉ ጥቂት ነገሮችን ብቻ ልጥቀስ።

በሳምንት አንድ ማታ ስልኮቹ ሁሉ አንድ ቦታ ይቀመጡ። ቤተሰቡ አብሮ አንድ ፊልም ይምረጥ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይየው። ሲያልቅ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ሻይ ይቅረብና እንዲህ ተባባሉ፦ ይህ ፊልም ማንን አስወደደኝ? ማንን እንድጠላ አደረገኝ? ጌታ ኢየሱስ ይህን ሰው ቢያገኘው ምን ይለው ነበር? በመጨረሻም እያንዳንዱ፣ አባትም ጭምር፣ «እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ የትኛውን ሰው ነኝ?» ብሎ ይመልስ። አባት አስቀድሞ ከመለሰ ልጆች ይከተላሉ። አባት ዳኛ ሆኖ ከተቀመጠ ግን ልጆች ቶሎ ዝም ይላሉ፤ ስልካቸውም ይናፍቃቸዋል።

ክፍል ተከራይታችሁ ብቻችሁን የምትኖሩ ወጣቶች ናታን ፈልጉ። አንድ ወንድም ወይም አንዲት እህት ትበቃለች። «ሌሊት ምን አየህ?» ብሎ ለመጠየቅ ፈቃድ ስጡት። መጠየቁ ያሳፍራል፤ ግን የሚጠየቅ ሰው ሌሊቱ ያጥርለታል።

የወጣት አገልግሎት መሪዎች ደግሞ ያቺን ብጣሽ ወረቀት እንደገና አንብቧት። «ይቻላል፣ አይቻልም» ከማለት ይልቅ አንድ ጥሩ የአገራችንን ፊልም መርጣችሁ በአዳራሹ አሳዩ፤ ከዚያ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ተነጋገሩበት። ልጆቹ ብቻቸውን ሲያዩ ምን እንደሚያስቡ ያኔ ትሰማላችሁ። ፊልጵስዩስ 4፥8 ላይ ሐዋርያው ስለ እውነት፣ ስለ ጽድቅና ስለ ንጽሕና አስቡ ሲለን የጻፈው ለአንድ ግለሰብ ሳይሆን ለጉባኤ ነው። ማሰብም አብሮ የሚደረግ ነገር ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ደግሞ አንድ ተስፋ አለን። ናታን ዳዊትን ሊያጠፋው አልመጣም። ዳዊት እግዚአብሔርን በደልሁ ባለ ጊዜ፣ ነቢዩ ወዲያው እግዚአብሔር ኃጢአቱን እንዳስወገደለትና እንደማይሞት ነገረው። «ያ ሰው አንተ ነህ» የሚል ድምፅ የሚያስፈራን ከኋላው ምሕረት ያለ ስለማይመስለን ነው። እኛ ግን ከዳዊት ይልቅ እናውቃለን። ለባለጠጋው ጥፋት የታረደ ሌላ በግ አለን፤ ማንም ቀምቶ አልወሰደውም፤ ራሱን ሰጠ።

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ ዓይናችንን ታውቃለህ፤ ብቻችንን ስንሆን የምናየውንም ታውቃለህ። በሌላው በደል ላይ ለመቆጣት ፈጣኖች፣ የራሳችንን ለማየት ዘገምተኞች ነን። እውነቱን የሚነግረን ሰው ስጠን፤ ሲነግረንም የምንሰማበትን ልብ ስጠን። በየፎቁ ብቻቸውን የተቀመጡትን እናቶች አስበን፤ እኛንም ወደ እነርሱ ላከን። በቤታችን ጨዋታ ይመለስ፤ አንተም በጨዋታችን መካከል ግባ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።